ሰብል የሚያብብበትን ጊዜ እንዴት ያውቃል?
የቀንና የሌሊት ርዝመት፣ የዝርያ ምርጫና የዘር ወቅት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



ሰኔ ሲገባ በየቀበሌው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «የሚያዝያው ዝናብ ቀረብን፤ ማሽላውን ሳንዘራ ቆየን። አሁን ዝናቡ ገብቷል። ያንኑ የለመድነውን የአገር ማሽላ እንዝራ ወይስ ሌላ እንፈልግ?» በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ላላችሁ ይህ የዓመት ቀለብ ጥያቄ ነው። መልሱን የሳተ ሰው በኅዳር አገዳ እንጂ እህል አያስገባም።

እኔም ገና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ቆላ በተመደብሁበት ዓመት ይህንኑ የጠየቁኝ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ነበሩ። «ጅጉርቲ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ዛሬ ቢዘሩት የሚደርሰው ታኅሣሥ ሲያልቅ ነው» ብዬ በጣቴ ቆጥሬ ነገርኋቸው። እሳቸው ግን «የለም ልጄ፤ ሚያዝያም ልዝራው ሰኔ፣ የሚዘረዝረው መስቀል ሲደርስ ነው። ልዩነቱ ቁመቱ ላይ ነው» አሉኝና ዘሩት። እንዳሉትም ሚያዝያ ከተዘራው ብዙ ሳይዘገይ ዘረዘረ። ነገር ግን አገዳው አጭር፣ ዘለላው ትንሽ ሆነ፤ ዝናቡም ቶሎ ስለወጣ ፍሬው በወጉ ሳይሞላ ቀረ። የሚዘረዝርበትን ጊዜ በተመለከተ ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ምርቱን ግን ሁለታችንም አላዳንነውም።

እሳቸው በልምድ የሚያውቁትን እኔ በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ከማሳው ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ሥልጠናውን ስትጨርሱ የሚከተሉትን ማድረግ ትችላላችሁ፦

- አንድ ዝርያ የሚያብበው ዕድሜውን ቆጥሮ ይሁን የሌሊቱን ርዝመት ለክቶ ለይቶ ማወቅ፤
- የዝናቡን መግቢያና መውጫ አይቶ የሚስማማውን ዝርያ መምረጥ፤
- በመስኖ ለሚለማ ማሳና ከሩቅ ለመጣ ዘር ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ።

1. ሁለት ዓይነት ቆጣሪዎች

አንዳንድ ዝርያዎች ከበቀሉበት ቀን ጀምሮ የተወሰነ ጊዜ ሲሞላቸው ያብባሉ። ግንቦት ብትዘሯቸውም ሐምሌ፣ የሚፈልጉት የቀን ብዛት ተቀራራቢ ነው። ሙቀት ሲጨምር ትንሽ ይፈጥናሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። እነዚህን ለዚህ ሥልጠና «ዕድሜ ቆጣሪ» እንበላቸው።

ሌሎች ደግሞ ዕድሜያቸውን ብቻ አያዩም። የሚጠብቁት የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት የሚፈልጉት መጠን ላይ እስኪደርስ ነው። ቀድማችሁ ብትዘሩ ብዙ ወር ቅጠልና አገዳ ያበቅላሉ፤ ዘግይታችሁ ብትዘሩ በጥቂት ቁመት ይቀጫሉ። የሚያብቡት ግን በተቀራራቢ ቀን ነው። እነዚህን «ሌሊት ቆጣሪ» እንላቸዋለን። ለምን «ቀን ቆጣሪ» እንዳላልናቸው በክፍል 3 ታገኙታላችሁ።

2. በእኛ አካባቢ ቀኑ ምን ያህል ይረዝማል፣ ምን ያህል ያጥራል?

አውሮፓ ውስጥ በበጋቸው ፀሐይ 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ትቆያለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም አለ። በባሕር ዳር ኬክሮስ አካባቢ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለው ጊዜ በግምት እንደሚከተለው ነው፦

- ሚያዝያ አጋማሽ፦ 12 ሰዓት ከ30 ደቂቃ
- ሰኔ አጋማሽ (ረጅሙ ቀን)፦ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ
- ሐምሌ አጋማሽ፦ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ
- ነሐሴ አጋማሽ፦ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ
- መስከረም አጋማሽ፦ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ
- ጥቅምት አጋማሽ፦ 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ
- ኅዳር አጋማሽ፦ 11 ሰዓት ከ30 ደቂቃ
- ታኅሣሥ አጋማሽ (አጭሩ ቀን)፦ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ

በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባሉት ሁለት ወራት ቀኑ የሚያጥረው በግማሽ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። ለእኛ ይህ ብዙም አይታወቀንም። የአገር ማሽላ ግን ይታወቀዋል። ለዘመናት እዚሁ ሲዘራና ሲመረጥ የኖረ ስለሆነ ይህችን ትንሽ ለውጥ መለየት ይችላል።

3. ይህ ነገር እንዴት ታወቀ?

በአሜሪካ ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አስቸጋሪ ትምባሆ ገጥሟቸው ነበር። ተክሉ በበጋው ማሳ ላይ ከሰው ቁመት በላይ እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያብብም፤ ዘር መሰብሰብ አልተቻለም። በክረምት መስታወት ቤት ውስጥ ሲተከል ግን ገና ትንሽ ሳለ ያብባል። ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የአፈሩን ምግብ ፈተሹ፤ ምክንያቱ አልተገኘም። በመጨረሻ በበጋ ተክሎቹን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ጨለማ ቤት ማስገባት ጀመሩ። ቀኑ ሲያጥርለት ትምባሆው አበበ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ቢሎክሲ የተባለ የአኩሪ አተር ዝርያ በተለያየ ቀን እያፈራረቁ ዘሩ። ቀድሞ የተዘራውም ዘግይቶ የተዘራውም ወደ አንድ ወቅት ተሰባስቦ አበበ። አዛውንቱ ስለ ጅጉርቲ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1920 አሳተሙ።

እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ፍሬው ልብስና የከብት ጸጉር ላይ በሚጣበቅ አንድ አረም ላይ ሙከራ አደረጉ። ቀኑን በመሐል ለአጭር ጊዜ በጨለማ ቢያቋርጡት ምንም ለውጥ አልመጣም። ረጅሙን ሌሊት ግን እኩለ ሌሊት ላይ ለጥቂት ደቂቃ በመብራት ሲያቋርጡት አረሙ ሳያብብ ቀረ። ከዚህ የተረዳነው ተክሉ በዋናነት የሚለካው ያልተቋረጠውን የጨለማ ርዝመት መሆኑን ነው። በመጻሕፍት «አጭር ቀን ወዳድ» የሚባለው ሰብል በእርግጥ ረጅም ሌሊት የሚፈልግ ነው። «ሌሊት ቆጣሪ» ያልነውም ለዚህ ነው።

4. ተክሉ የሚለካው በምንድን ነው?

የሚለካው ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በቀን ብርሃን ወደ ንቁ መልኩ ይለወጣል፣ በጨለማ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በዚህም ተክሉ «አሁን ብርሃን ነው፣ አሁን ጨለማ ነው» የሚለውን ያውቃል። ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ተክል 24 ሰዓት ገደማ የሚዞር የውስጥ ሰዓት አለው። ሰዓቱ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብርሃን መኖሩ ወይም አለመኖሩ «ጊዜው ደርሷል» ወይም «ገና ነው» የሚል ፍርድ ይሰጣል።

ጊዜው ሲደርስ ቅጠሉ ፍሎሪጅን የተባለ መልእክተኛ ይሠራል። መልእክተኛው ቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ ጋር በአገዳው ውስጥ ተጉዞ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ጫፉም ቅጠል መሥራቱን ትቶ ዘለላ መሥራት ይጀምራል። ያበበ ተክል ቅጠል ባላበበ ተክል ላይ ሲዳቀል ያላበበው ማበቡ ለዚህ ማስረጃ ሆኗል።

ከዚህ ለእናንተ ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ፦

- ቡቃያ ሳለ ተክሉ የሌሊቱን ርዝመት አይሰማም። መጀመሪያ የተወሰነ ቅጠል ማውጣት አለበት።
- ዘለላው ለዓይን ከመታየቱ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ አገዳው ውስጥ ተጀምሯል። የፍሬው ብዛት መወሰን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ መሰጠት ያለበት ዩሪያ ከዘለለ በኋላ ቢሰጥ ብዙ አይጠቅምም።
- ተክሉ ስለ ዝናብ መውጣት አስቀድሞ አያውቅም። የሚያውቀው ሌሊቱ መርዘሙን ብቻ ነው። ዝናቡ በሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢቆም ሌሊት ቆጣሪው ማሽላ በዚያ ምክንያት አይፈጥንላችሁም።

5. ሰብሎቻችን የት ይመደባሉ?

ረጅም ሌሊት የሚያስቸኩላቸው፦ የአገር ማሽላ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ብዙ የሩዝ ዝርያዎች። ኑግ መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

አጭር ሌሊት፣ ማለትም ረጅም ቀን የሚያስቸኩላቸው፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ።

ብዙም ግድ የሌላቸው፦ ቲማቲምና በምርምር የተሻሻሉ ብዙ ዝርያዎች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ምደባው በሰብል ብቻ ሳይሆን በዝርያም ይለያያል። ጅጉርቲና ደጋሊት ማሽላ ናቸው፤ «መልካም»ም ማሽላ ነው። ባሕርያቸው ግን አንድ አይደለም። በስንዴም እንዲሁ ነው። ኖርማን ቦርሎግ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በሜክሲኮ ስንዴውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በቆላማው ሶኖራ፣ አንዴ በደጋው ቶሉካ ይዘራ ነበር። በሁለቱም ቦታ የቀን ርዝመቱ የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም የተቋቋመው ስንዴ ለቀን ርዝመት ግድ የሌለው ሆኖ ወጣ። እንደ «ካካባ» ያሉ ዝርያዎች ከዚያ የምርምር መስመር የመጡ ናቸው። ዛሬ በበጋ መስኖ፣ ቀኑ አጭር በሆነበት ወቅት ስንዴ ማምረት የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

6. ማሽላ፦ ዝናቡ ሲዘገይ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሌሊት ቆጣሪነት ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ዝናቡ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ሲገባ የአገሩ ማሽላ የሚወዳደረው የለም። ረጅሙን ወቅት በሙሉ ተጠቅሞ ትልቅ ዘለላ ይሠራል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ይሆናል። ፍሬው የሚሞላው ዝናቡ ሲወጣ ስለሆነ ሻጋታ አያበላሸውም። በአንጻሩ በአራት ወር የሚደርስ ዝርያ ሚያዝያ ላይ ብትዘሩ ነሐሴ ዝናብ ውስጥ ይደርስና ፍሬው ይሻግታል። የአካባቢው ሰብል ገና አረንጓዴ ስለሆነ ወፉም ሁሉ እናንተ ማሳ ላይ ይሰፍራል። በማሊና በቡርኪና ፋሶ ያሉ አርሶ አደሮችም ሌሊት ቆጣሪውን ማሽላ የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ሲዘገይ ነው። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ማሽላ ከዘረዘረ በኋላ ፍሬው እስኪሞላ ከ35 እስከ 45 ቀን ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ አፈሩ እርጥበት ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ጎረቤታሞች ሐምሌ 1 ቀን ዘሩ እንበል።

- የመጀመሪያው በ75 ቀን የሚዘረዝር ዕድሜ ቆጣሪ ዘራ። መስከረም 11 ገደማ ይዘረዝራል፤ ፍሬው ከጥቅምት 16 እስከ 26 ይሞላል።
- ሁለተኛው መስከረም 25 አካባቢ የሚዘረዝር የአገር ማሽላ ዘራ። ፍሬው የሚሞላው ከጥቅምት 30 እስከ ኅዳር 10 ነው።

ዝናቡ መስከረም መጀመሪያ ላይ ቢወጣ የመጀመሪያው አፈሩ በያዘው እርጥበት ሊወጣው ይችላል። ሁለተኛው ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ደረቅ ጊዜ ይጠብቀዋል፤ አገዳውም በአጭሩ የተቀጨ ስለሆነ የሚጠብቀው ዘለላ ትንሽ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

ሀ) እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ በቂ እርጥበት ከተገኘ የአገሩን ማሽላ ዝሩ።

ለ) ከዚያ ካለፈ ማሳውን በሙሉ በአገር ማሽላ አትሸፍኑ። አብዛኛውን ቶሎ ለሚደርሱት እንደ «መልካም»፣ «ተሻለ» እና «ግራና-1» ላሉት ስጡ። ለእናንተ ወረዳ የትኛው እንደሚስማማ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ሐ) ሐምሌ ከገፋ ማሽላን ትታችሁ ወደ ጤፍ፣ ማሾ ወይም እንደ አፈሩ ወደ ሽምብራ ዙሩ።

መ) የትኛውንም ብትዘሩ በመስመር ዘርታችሁ በመስመሮቹ መካከል ውኃ የሚያቁር፣ በየመሐሉ የተገደበ ቦይ አውጡ። በመስከረም የሚተርፍ እርጥበት ፍሬ ይሞላል።

ሠ) የአገሩን ዘር አታጥፉት። ዝናቡ በዘገየበት ዓመትም ቢሆን በትንሽ ቦታ ዝሩት ወይም በጎተራ በደንብ አስቀምጡት። በሌላ ዓመት ሚያዝያ ሲዘንብ ከገበያ አታገኙትም።

7. በመስኖ ለምታለሙ

ሌሊት ቆጣሪ የሆነ ሰብል ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብትዘሩ ሌሊቱ ገና ከመጀመሪያው ረጅም ነው። ተክሉ ሳያድግ ወደ ማበብ ይቸኩላል። አጭር፣ ቅጠሉ ጥቂት፣ ፍሬውም ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ በበጋ መስኖ አኩሪ አተር፣ ሩዝ ወይም ማሽላ ከመሞከራችሁ በፊት ዝርያው ለመስኖ የተመከረ መሆኑን ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ሽንኩርት ላይ ተጠንቀቁ። በሽንኩርት የቀኑ ርዝመት የሚያዘው ራስ መቋጠሩን ነው፤ ወደ አበባ እንዲሄድ የሚያደርገው በይበልጥ ብርድ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚዘሩ አንዳንድ ዝርያዎች ራስ ለመቋጠር 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀን ይፈልጋሉ። በክፍል 2 እንዳያችሁት የእኛ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ያን ዘር ብትተክሉ ማዳበሪያና ውኃ ብታጠጡት ቅጠል እንጂ ሽንኩርት አታገኙም። አንድ ጊዜ በምከታተለው ወረዳ ውስጥ ጥቂት አርሶ አደሮች መለያ የሌለው ዘር በርካሽ ገዝተው ይህ ደርሶባቸዋል። አራት ወር ሙሉ «ዛሬ ይቋጥራል፣ ነገ ይቋጥራል» እያሉ ውኃ አጠጡ፤ በመጨረሻ ለከብት አጨዱት። «ቦምባይ ሬድ»፣ «አዳማ ሬድ» እና «ናሲክ ሬድ» በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥሩ ናቸው። የዝርያ ስም ያልተጻፈበት ዘር አትግዙ፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝና የማሸጊያውን ወረቀት እስከ ምርት ድረስ አስቀምጡ።

8. በማሳችሁ የምታደርጉት ሙከራ

የእናንተ ዝርያ የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር መሬትና አንድ ደብተር ነው።

1ኛ) የምታውቁትን የአገር ማሽላና አንድ ቶሎ ደራሽ ዝርያ አዘጋጁ።
2ኛ) ሁለቱንም ጎን ለጎን በሦስት ቀን ዝሩ፦ ግንቦት 1፣ ግንቦት 15 እና ሰኔ 1። ዝናብ ካልዘነበ በባልዲ አጠጡ።
3ኛ) ከእያንዳንዱ መደብ ግማሹ ሲዘረዝር ቀኑን ጻፉ። የአገዳውንም ቁመት ለኩ።
4ኛ) ከዘር እስከ መዘርዘር ያለውን ቀን ቁጠሩ።

ውጤቱ ለምሳሌ እንዲህ ሊመስል ይችላል። ቶሎ ደራሹ ግንቦት 1 ተዘርቶ ሐምሌ 16፣ ሰኔ 1 ተዘርቶ ነሐሴ 16 ቢዘረዝር በሁለቱም 75 ቀን ፈጅቷል፤ ዕድሜ ቆጣሪ ነው። የአገሩ ግን ግንቦት 1 ተዘርቶ መስከረም 20፣ ሰኔ 1 ተዘርቶ መስከረም 25 ቢዘረዝር፣ የዘሩ ቀን በአንድ ወር ሲለያይ መዘርዘሩ በ5 ቀን ብቻ ተለያየ ማለት ነው፤ ሌሊት ቆጣሪ ነው። ውጤታችሁን በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ለጎረቤቶቻችሁ አሳዩ።

9. ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

የክረምት ደመና ሰብሉን አያታልለውም? አያታልለውም። በደመና ቀንም ቢሆን ያለው ብርሃን ለተክሉ «ቀን ነው» ለማለት ይበቃል።

የጨረቃ ብርሃንስ? በጣም ደካማ ስለሆነ ሌሊቱን አያቋርጠውም።

የመንገድ ወይም የግቢ መብራትስ? ይህ ያታልላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል ሥር ያለ አኩሪ አተር ወይም የአገር ማሽላ ከሌላው ማሳ ተለይቶ አረንጓዴ ሆኖ ሊዘገይ ይችላል። በአበባ እርሻዎች ሌሊት አምፖል የሚበራው ይህንኑ ባሕርይ ለጥቅም ለማዋል ነው። ከእንዲህ ያለ ቦታ ለዘር አትምረጡ።

ደጋና ቆላ ላይ የቀን ርዝመቱ ይለያያል? በአንድ ኬክሮስ እስካሉ ድረስ አይለያይም። የሚለያየው ሙቀቱ ነው። ደጋ ላይ ሰብሉ የሚዘገየው በብርዱ ምክንያት ነው።

የአገራችን ማሽላ ባሕርይ ሊለወጥ ይችላል? ይችላል። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካውያን የኢትዮጵያን ጨምሮ ከሐሩር አገሮች የተሰበሰቡ ረጃጅም ማሽላዎችን በፖርቶ ሪኮ እያዳቀሉ ለእነሱ ረጅም ቀን ተስማሚ አድርገዋቸዋል። በማሳችሁ ያለው ዘር ለሌላው ዓለምም ሀብት እንደሆነ ከዚህ ተረዱ።

ማጠቃለያ

የአገር ማሽላ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱም የሚሞላው በሌሊቱ ርዝመት ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሲገባ ሰዓቱ ይጠቅማችኋል፤ ሲዘገይ ይጎዳችኋል። ቶሎ ደራሹ ዝርያ ደግሞ የሚቆጥረው ዕድሜውን ስለሆነ የዘሩን ቀን እናንተ ትወስኑለታላችሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ የዝናቡን መግቢያ እዩ፣ ከመውጫው ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ ከዚያ ዘሩን ምረጡ። ሁለቱም ዓይነት ዘር በጎተራችሁ ይኑር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ዘግይቶም ቀድሞም ቢዘራ በአንድ ወቅት የሚዘረዝረው የትኛው ማሽላ ነው? በምን አወቃችሁ?
2. ባለፉት አምስት ዓመታት ዝናቡ የወጣው መቼ መቼ ነበር? ከዚያ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ማሽላችሁ መዘርዘር የነበረበት መቼ ነው?
3. ዘንድሮ ዝናቡ እስከ ሰኔ ቢዘገይ ከመሬታችሁ ምን ያህሉን ለየትኛው ዝርያ ትሰጣላችሁ? ለምን?